አሮጌው አምፕሊፋየር፣ ሙቀትና ዳንቴል

ከመገናኛ ወደ ኡራኤል በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ ሃያ ሁለት ከሚባለው ሰፈር ከቀላል ባቡሩ ወርደን ወደ ውስጥ በሚገባው ጠባብ መንገድ ጥቂት እንደተራመድን የአንድ አዛውንት ወዳጃችን ቤት እንደርሳለን። በሳሎናቸው ካለው የመስተዋት ቡፌ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ ፊቱ ጥቁር የሆነ፣ 18 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን አምፕሊፋየር ተቀምጧል። በጃፓን አገር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የተሠራ ነው። ወዳጃችን በ1974 ዓ.ም. የሥራ ዘመኑን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ዜጋ ገዙት። በላዩ ላይ ደግሞ ባለቤታቸው በእጃቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል ተደርቦበታል።

ይህ መሣሪያ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ድምፅ አሰምቶ አያውቅም። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከውስጡ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ጥቂት የመቃጠል ሽታ ሸተተ፤ ከዚያ በኋላ ዝም አለ። የልጅ ልጃቸው «ለቆራሌው በኪሎ እንሽጠውና ገንዘብ ጨምረን በብሉቱዝ የሚሠራ ትንሽ ስፒከር እንግዛ» ይላቸዋል። እርሳቸው ግን እኛን አስጠርተው፣ «ልጆቼ፣ ሞቶ ከሆነ ንገሩኝና እርሜን ላውጣ፤ ካልሞተ ግን በቁሙ አይቀበርብኝ» አሉን።

ለመሆኑ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከብረትነቱ ያለፈ ዋጋ ይኖረዋልን? ይህን ለመመለስ በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተውም ይህንኑ ነው።

አምፕሊፋየር ምን ያደርጋል?

ብዙ ሰዎች አምፕሊፋየር ትንሹን ድምፅ ወስዶ የሚያሳድግ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አምፕሊፋየር የሚሠራው እንደ መስኖ በር ነው። አንድ ሕፃን በትንሽ ጉልበት የቦይ በር ከፍ ዝቅ ሲያደርግ በበሩ ሥር የሚያልፈው ውኃ በሬ የሚያንሳፍፍ ሊሆን ይችላል። የውኃው ኃይል ከሕፃኑ ክንድ አልመጣም፤ ከግድቡ ነው። ሕፃኑ ያደረገው የውኃውን መጠን በራሱ እንቅስቃሴ ልክ መምራት ብቻ ነው።

በአምፕሊፋየር ውስጥ ግድቡ ከግድግዳው ሶኬት በትራንስፎርመር በኩል የሚሞላው የኃይል ክፍል ነው። በሩ ትራንዚስተሩ ነው። የሕፃኑ እጅ ደግሞ ከሸክላው የሚመጣው እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚያመነጨው ቮልቴጅ 5 ሚሊቮልት ያህል ነው። በ8 ኦም ስፒከር ላይ 50 ዋት ለማድረስ ግን 20 ቮልት ያስፈልጋል። ይህም ማለት ምልክቱ ቅርጹን ሳይለውጥ 4,000 እጥፍ መጉላት አለበት ማለት ነው። «ቅርጹን ሳይለውጥ» የሚለው ሐረግ ለመናገር ቀላል ነው፤ ለመፈጸም ግን መሐንዲሶችን ብዙ ዐሥርተ ዓመታት አድክሟል።

ከቫልቭ ወደ ትራንዚስተር

እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ይህን የበርነት ሥራ የሚሠሩት እንደ አምፖል የሚግሉ የመስተዋት ቫልቮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራተን በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ሠሩ። ባልደረባቸው ዊልያም ሾክሊም ተጨምሮበት ሦስቱ እ.ኤ.አ. በ1956 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተካፍለዋል። ከዚህ በኋላ የምልክቱ መንገድ በመስተዋት ውስጥ ባለው ባዶ ቦታ መሆኑ ቀርቶ ከፊል አስተላላፊ በሆነ ጠጣር አካል ውስጥ ሆነ።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹ የትራንዚስተር አምፕሊፋየሮች ብዙ ሙዚቃ ወዳድ አላስደሰቱም። ከጀርማኒየም የተሠሩት ትራንዚስተሮች ሙቀት አይችሉም ነበር። በሲሊከን ከተተኩ በኋላም ሌላ ችግር ቀረ። በአብዛኞቹ አምፕሊፋየሮች ሁለት ትራንዚስተሮች ሥራውን ይከፋፈላሉ፤ አንዱ የሞገዱን የላይኛውን ግማሽ፣ ሌላው የታችኛውን ግማሽ ይሠራል። ሲሊከን ትራንዚስተር ደግሞ 0.6 ቮልት ያህል ካልደረሰው አይከፈትም። ስለዚህ አንዱ አቁሞ ሌላው እስኪጀምር ድረስ ክፍተት ይፈጠራል።

ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ እየተፈራረቁ ሲወቅጡ አይተን እናውቃለን። ምቱ እኩል የሚሆነው አንደኛዋ ዘነዘናዋን ሳታሳርፍ ሁለተኛዋ የራሷን ቀድማ ካነሣች ነው። አንዷ ጨርሳ ሌላዋ ገና ለማንሣት ብትጎነበስ ምቱ ይሰበራል። በአምፕሊፋየርም ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ክፍተቱ በተለይ ለስለስ ባለ ሙዚቃ ላይ ጆሮን የሚሸረክት ሻካራነት ይፈጥራል። መድኃኒቱም ሁለቱም ትራንዚስተሮች ምንም ሙዚቃ በሌለበት ጊዜ እንኳ ጥቂት ኮረንት እንዲያሳልፉ፣ ማለትም ዘነዘናቸውን ከፍ አድርገው እንዲጠብቁ ማድረግ ነው። ይህ የዝምታ ኮረንት ክፍተቱን ይዘጋል። ዋጋው ግን ሙቀት ነው።

ይህን ሐሳብ እስከ ጫፍ የወሰዱ መሐንዲሶች ነበሩ። ሁለቱም ትራንዚስተሮች ምንጊዜም ሳይዘጉ እንዲሠሩ ካደረግን «ክፍል ኤ» የሚባለውን አምፕሊፋየር እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የማርክ ሌቪንሰን ኤምኤል-2 ለስፒከር የሚሰጠው ኃይል 25 ዋት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሙዚቃ ባይኖርም እንኳ ከሶኬቱ በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ይስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ክሬል ኬኤስኤ-50ም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ሌሎች ደግሞ ሙቀቱን በብልሃት ለማለፍ ሞከሩ። የእንግሊዙ ኳድ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው 405 በተባለው ሞዴል ትንሽና ጥራት ያለው አምፕሊፋየር የትልቁን ስሕተት እንዲያርም አድርጓል። ጃፓናውያኑ ሳንሱይ፣ ፓዮኒር፣ ያማሃና አኩፌዝ፣ እንዲሁም ማራንትዝ በበኩላቸው ወፋፍራም ትራንስፎርመሮችንና ሰፋፊ የአልሙኒየም ክንፎችን ይዘው በገበያው ተፎካከሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ፓዮኒር ኤስኤክስ-1250 በእያንዳንዱ ጎን 160 ዋት ይሰጥ ነበር።

በእኛ አገር ይህ ዘመን የሸክላ ዘመን ነበር። አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተሚያውን እ.ኤ.አ. በ1969 መሥርቶ እስከ 1975 ድረስ ሠርቷል። ካይፋም በዚያው ዘመን ሸክላ ያሳትም ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ በአምሃ ማሳተሚያ ያወጣው የኢትዮ ጃዝ ሸክላ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ስለዚህ በወዳጃችን ቤት የሚገኙት ሸክላዎችና አምፕሊፋየሩ የአንድ ትውልድ ሰዎች እንደማለት ናቸው።

በጋዜጣ ላይ የተጻፈ ግኝት

ስለ ጥራት ስናነሣ አንድ ታሪክ ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1927 ሃሮልድ ብላክ የተባለ ወጣት መሐንዲስ በኒውዮርክ የሃድሰንን ወንዝ በጀልባ ተሻግሮ ወደ ሥራው ሲሄድ የሚያስጨንቀው የስልክ ማጉያዎች የድምፅ መዛባት ነበር። በድንገት አንድ ሐሳብ መጣለትና በእጁ በያዘው ጋዜጣ ላይ ጻፈው። ሐሳቡም ከማጉያው የወጣውን ምልክት ጥቂት ቀንሶ ወደ መግቢያው በተቃራኒ መመለስና ከዋናው ጋር ማነጻጸር ነው። የወጣው ከገባው ከተለየ ልዩነቱ ራሱ ማረሚያ ይሆናል። ይህ አሉታዊ ምላሽ የተባለው ስልት ዛሬ በአምፕሊፋየር ብቻ ሳይሆን በብዙ የቁጥጥር ሥርዓቶች ውስጥ ይገኛል።

በ1970ዎቹ አንዳንድ ፋብሪካዎች ምላሹን ከመጠን በላይ በመጨመር በወረቀት ላይ እጅግ ዝቅተኛ የመዛባት ቁጥር አስመዘገቡ። ሆኖም ፊንላንዳዊው ማቲ ኦታላ በዚያው ዐሥርተ ዓመት እንዳሳየው፣ ማጉያው ራሱ ቀርፋፋ ከሆነ እርማቱ ከስሕተቱ ኋላ ይደርሳል፤ በተለይ ድምፁ በድንገት በሚነሣበት ቅጽበት። የከበሮ ምትና የክራር አውታር ንዝር የሚጀምሩት እንዲህ በቅጽበት ነው። በዚህም ምክንያት ጥሩ አሮጌ አምፕሊፋየር ለመምረጥ በማስታወቂያው ላይ የሰፈረው ቁጥር ብቻውን አይበቃም።

ስለ ዋት ቁጥርም እንዲሁ ነው። ጆሯችን የኃይልን ጭማሪ የሚሰማው በሎጋሪዝም ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን ኃይሉ ወደ ዐሥር እጥፍ ሊያድግ ይገባል። በ85 ዋትና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 0.7 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ በጆሮ መለየቱ አስቸጋሪ ነው። ከዚህ ይልቅ መጠየቅ ያለበት፣ መሣሪያው ያለውን ዋት ሲሰጥ ሙቀቱን ወዴት ያስወግዳል? የሚለው ነው።

የአዲስ አበባ አየር ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት?

ሙቀት የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ዋነኛ ፈተና ነው። የሲሊከን ትራንዚስተር መክፈቻ ቮልቴጅ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በ2 ሚሊቮልት ያህል ይቀንሳል። ይህም ሲሞቅ በቀላሉ ይከፈታል፣ ሲከፈት ብዙ ኮረንት ያሳልፋል፣ ብዙ ኮረንት ሲያሳልፍ የባሰ ይሞቃል ማለት ነው። መላ ካልተበጀለት በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን በራሱ ያቃጥላል። ስለዚህ ሠሪዎቹ በክንፎቹ ላይ ሙቀቱን የሚከታተል ሌላ ትንሽ ትራንዚስተር ያስቀምጣሉ። ክንፎቹ ሲሞቁ እርሱም ይሞቅና የዝምታውን ኮረንት ይቀንሳል። ክንፎቹ ግን ሙቀታቸውን ለአየር ማስረከብ አለባቸው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ክንፎቹ የሚቀዘቅዙት የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሣና ቀዝቃዛው ከሥር ሲተካው ነው። ይህ በተፈጥሮ የሚካሄድ ዝውውር ሙቀት የማስወገድ ችሎታው ከአየሩ እፍጋት ስኩዌር ሩት ጋር በግምት ይመጣጠናል። ስሌቱን ብንሠራ በአዲስ አበባ ሙቀት የማስወገዱ ችሎታ በ13 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ እናገኛለን። በሌላ በኩል የከተማችን አማካይ የአየር ሙቀት 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህም ትልቅ ስጦታ ነው። በተለይ በኃይል ክፍሉ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜያቸው በግምት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የስስ አየሩን ጉዳት ቀዝቃዛው አየር ያካክሰዋል፤ ይህ የሚሆነው ግን አየሩ እንዲያልፍ መንገድ ከተሰጠው ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ወዳጃችን ቡፌ እንመለስ። መሣሪያው በሦስት ጎን በእንጨት፣ በፊት በመስተዋት ተዘግቷል። ከላይ ያሉትን የአየር መውጫ ቀዳዳዎች ደግሞ ዳንቴሉ ሸፍኗቸዋል። ዳንቴሉ ከአቧራ እንዲከላከለው ታስቦ በፍቅር የተደረበ ነው። የሆነው ግን ኩላሊቱ ላመመው ሰው ሽንቱን እንደ መከልከል ነው። ይህን ስንነግራቸው ባለቤታቸው ደንገጥ ብለው፣ «እኔ ነኛ የገደልኩት!» አሉ። እኛም እትዬ ብቻቸውን እንዳልሆኑ ነገርናቸው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚከሰት የቮልቴጅ መዛባትና የካፓሲተሮቹ እርጅናም ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል።

የሶኬቱ ጉዳይ

ከውጭ አገር የመጣ አሮጌ አምፕሊፋየር ያለው ሰው ሁሉ ከጀርባው የተጻፈውን ሊያነብ ይገባል። የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠራው 100 ቮልት፣ ለአሜሪካ የተሠራው ደግሞ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ይፈልጋል። ቮልቴጁን ዝቅ በሚያደርግ ትራንስፎርመር ወደ 110 ብናወርደው እንኳ ድግግሞሹ አይለወጥም። የትራንስፎርመር ብረት የሚሸከመው የማግኔት መጠን ቮልቴጁ ለድግግሞሹ ሲካፈል ከሚገኘው ጋር ይመጣጠናል። 120 ለ60 ሲካፈል 2 ይሆናል፤ 110 ለ50 ሲካፈል ግን 2.2 ነው። ብረቱ ከታሰበለት 10 በመቶ የበለጠ ይሸከማል፤ ለ50 ኸርዝ ታስቦ ካልተሠራም ይሞቃል፣ ያጉረመርማል። የወዳጃችን መሣሪያ ግን ለሁለቱም ድግግሞሽ የተሠራና ቮልቴጅ መምረጫ ያለው ነበር።

አምፖሉ ምን ነገረን?

ለዓመታት ዝም ብሎ የተቀመጠ አምፕሊፋየር በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰካም። በኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ውስጥ ያለው ስስ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ሽፋን ቮልቴጅ ሳያገኝ ሲቆይ ይሳሳል፤ በድንገት ሙሉ ኃይል ከደረሰው ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ አሮጌ ጠጋኞች የሚያውቁትን ዘዴ ተጠቀምን። ባለ 100 ዋት ክር ያለው አምፖል ከመሣሪያው ጋር በተከታታይ አገናኘን። (ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ ሥራ አይሆንም።) የአምፖሉ ክር ሲግል ተቃውሞው 484 ኦም ነው፤ ሲቀዘቅዝ ግን የዚህ አንድ ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም። መሣሪያው ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ ለቅጽበት በርቶ ይደበዝዛል። ውስጡ ሾርት ካለ ግን አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፤ ኮረንቱም ከግማሽ አምፔር በታች ስለሚገደብ ተጨማሪ ጉዳት አይደርስም።

አምፖሉ ቦግ ብሎ ቀረ። የልጅ ልጃቸው «አላልኳችሁም?» በሚል ዓይን አየን።

ሶኬቱን ነቅለን፣ ካፓሲተሮቹን በሬዚስተር በኩል አራግፈን ስንለካ ከቀኙ ጎን ሁለት የውጤት ትራንዚስተሮች ሾርት ሆነው አገኘናቸው። በዚህ ጊዜ በስፒከሩ ላይ ሊያርፍ የነበረው 50 ቮልት ያህል ቀጥተኛ ኮረንት ነው። የስፒከሩ ሽቦ ተቃውሞ 6 ኦም ገደማ ስለሆነ ከ400 ዋት በላይ በሙቀት መልክ ይወርድበት ነበር። ስፒከሩን ያዳነው ያ «ቀጭ» ያለው ድምፅ ነው፤ የመከላከያው ሪሌ አደጋውን አይቶ መስመሩን መቁረጡ ነበር። ያ ምሽት የመሣሪያው ሞት ሳይሆን ጓደኛውን ማትረፊያው ነበር ማለት ነው።

ምትክ ትራንዚስተር ፍለጋው ቀላል አልሆነም። ከአንድ ሱቅ የገዛነው ጽሑፉ ትክክለኛ ቢመስልም በፈተና ላይ ወዲያው ተቃጠለ። ቆርጠን ብንከፍተው በውስጡ ያለው የሲሊከን ቁራጭ ለዚያ ኃይል የማይበቃ፣ ከተቃጠለው ዋናው እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኘነው። በመጨረሻ መርካቶ ከሚገኝ አንድ ጠጋኝ ዘንድ የዚያው ዘመን አምፕሊፋየር ፍርስራሽ አግኝተን ከእርሱ የተነቀሉ ትክክለኛ ትራንዚስተሮችን ወሰድን። በሥራቸው ያለውን ሚካና ሙቀት አስተላላፊ ቅባት አደስን፤ የደረቁ ትንንሽ ካፓሲተሮችን ለወጥን።

ከዚያም የዝምታውን ኮረንት ማስተካከል ቀረ። ይህ በማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የኦም ሕግ የሚሠራ ነው። ከትራንዚስተሩ ጋር በተከታታይ ባለው 0.22 ኦም ሬዚስተር ጫፎች ላይ 10 ሚሊቮልት ካነበብን ኮረንቱ 45 ሚሊአምፔር ያህል ነው። ዘነዘናው የሚነሣው በዚህ ልክ ነው።

አምፖሉን እንደገና አገናኘን። ቦግ አለና ደበዘዘ። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ሪሌው ቀጭ አለ፤ በዚህ ጊዜ የተሰማው ግን መስመሩን ሲከፍት ነው። አምፖሉን አውጥተን በቀጥታ ከሰካነውና ለአንድ ሰዓት ሙቀቱን ከተከታተልን በኋላ ወዳጃችን የአምሃ ማኅተም ያለበትን ባለ 45 ዙር ሸክላ አምጥተው አስቀመጡ። የልጅ ልጃቸው ስልኩን አስቀምጦ ወደ ስፒከሩ ተጠጋ። ዘፈኑ ሲያልቅ የጠየቀው ስለ ዋጋው አልነበረም። «ያ 45 ሚሊአምፔር ያልከው ቢቀነስ ምን ይሰማ ነበር?» አለ። ስለ ቆራሌው ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

ለተማሪዎች ጥቂት ምክር

ውድ አንባብያን፣ እኛ ሁሉም አሮጌ ዕቃ ከአዲሱ ይበልጣል አንልም። የዛሬዎቹ አምፕሊፋየሮች ከሶኬት የሚወስዱትን ኃይል ያለ ብዙ ብክነት ለስፒከር ያደርሳሉ፤ በዚህ ረገድ አሮጌዎቹ አይወዳደሯቸውም። የአሮጌዎቹ ብልጫ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ክፍላቸው በዓይን ይታያል፣ በመለኪያ ይለካል፣ ሲበላሽ በእጅ ይለወጣል። በክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምናየው ሰርኪዩት እዚያ ውስጥ ሙቀትና ክብደት ይዞ ይገኛል። በየቤቱ ቡፌ ውስጥ ዝም ብለው የተቀመጡት መሣሪያዎች በኪሎ ሲሸጡ አብሮ የሚሸጠው ይህ የመማሪያ ዕድል ነው።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ50 ቮልት የተሞላ 10,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 12.5 ጁል ኃይል ይይዛል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። በሶኬቱ በኩል ያለው 220 ቮልት ደግሞ ይገድላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው አጠገባችሁ ሳይኖር ክዳኑን አትክፈቱ። ክዳኑን ሳትከፍቱ ግን ዛሬውኑ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር አለ፤ መሣሪያውን ከቡፌው አውጡት፣ ከላዩ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ቦታ ስጡት፣ ከጀርባው የተጻፈውን ቮልቴጅ አንብቡ።

ወዳጃችንም አምፕሊፋየሩን ከቡፌው አውጥተው በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውታል። እትዬ ዳንቴላቸውን ከላይ ካነሡ በኋላ ከሥሩ ሊያነጥፉት ነበር። ቀዝቃዛው አየር የሚገባው ከሥር ባሉት ቀዳዳዎች መሆኑን ስናስረዳቸው ስቀው ተዉት። አሁን ዳንቴሉ ሸክላዎቹ ባሉበት ሣጥን ላይ ተነጥፏል።